ለአረፋ የገደልናት ልጅ

ውጫሌ ለማስተማር በተመደብኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የአሲድንና የቤዝን ልዩነት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዘወር ስል ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጠያቂ ተማሪ በማግኘቴ ደስ አለኝ።

«መምህርት፣ ሐይቅ ላይ ሰው የሚገድሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነበርኩ» አልኩ። ድምፄ እንደ ልማዱ ከአፌ ብዙም አልራቀም ነበርና የፊተኛው ረድፍ ለኋለኛው አቀበለልኝ። «ነበርኩ አለች! ነበርኩ አለች!» በዕረፍት ሰዓት አንዱ ተማሪ አንገቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ በአጠገቤ አለፈ።

ያንን «ነበርኩ» ዘርዝሬ ልጻፈው ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። ስለ ሥራ ዘመኑ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ፀጉሩ የሸበተ ነው። የእኔ ገና አልሸበተም፤ ያገለገልኩትም ጥቂት ዓመት ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የገደልኩት ሰው ለአንድ ጡረተኛ ይበቃል።

ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ ወደ ሐይቅ ከተማ ተመለስኩ። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር መቆም ሲሰለቸኝ አያ ይመር ዘንድ ገባሁ። አያ ይመር ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራል፤ በየበዓሉ ደግሞ ሰው በስልኩ የሚያየው አጭር ፊልም ይለቃል። የፊልሞቹ ጠባይ አንድ ነው፤ በዓል ይመጣል፣ ሰው ይሞታል፣ ሕዝብ ይስቃል። ውላችን የቃል ነበር። ሠርግ በሌለበት ወር ደመወዝ የለም።

የተቀጠርኩት የሠርግ ቪዲዮ ለማቀናበር ነው። ሰው ፊት መቆም አልወድም፤ ስለዚህ ከኮምፒዩተር ጀርባ መቀመጡ ተስማማኝ። አንድ ቀን ግን አያ ይመር መፋቂያውን ከጥርሱ አውጥቶ ትክ ብሎ አየኝ።

«ጦይባ፣ አንች ኬሚስትሪ ነው አይደል የተማርሽው?»

«አዎ፣ አያ ይመር።»

«እንግዲያው ደም ሥሪልኝ።»

ፊልሙ ለአረፋ የታሰበ ነበር። የታረደ በግ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተመልሶ መጥቶ የባለቤቱን በር ያንኳኳል። ለበቀል አልመጣም። «ሥጋዬስ ሐላል ይሁንላችሁ፤ ቆዳዬን ግን መልሱልኝ፣ በርዶኛል» ነው የሚለው። በጉን የሚጫወተው አንድ ባለባጃጅ ነበር። ቆዳው የተገፈፈ መምሰል ስላለበት ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደም መቀባት ነበረብኝ። የቲማቲም ድልህ በወፍራም የስኳር ውሃ አሽቼ ቀባሁት። ቀለሙ ድንቅ ነበር፤ ይንጠባጠባል፣ ያብረቀርቃል።

ያነሣነው ከአምባሰል ተራራ ግርጌ ነው። የአምባሰል ማር ስም እንዳለው አውቃለሁ፤ ማር ባለበት ንብ መኖሩን ግን ያን ዕለት ዘንግቼዋለሁ። ባለባጃጁ በሩን አንኳኩቶ «በርዶኛል» ከማለቱ ንቦቹ መጡ። ቀንዱን እንዳሰረ በማሳው መሐል ሮጠ። «ያ ጀመዐ! ድረሱልኝ! ወላሂ ቆዳውን ትቼዋለሁ!» አያ ይመር ካሜራውን ማጥፋት ትቶ አብሮት ሮጠ። ያ ሩጫ የፊልሙ መጨረሻ ሆነ። ተመልካቹ «በጉ ተጸጽቶ ይቅር ማለቱ አስለቀሰኝ» እያለ ጻፈልን። ባለባጃጁ ግን ንብ ያሳበጠው ፊቱ እስኪጎድል ድረስ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም።

ከዚያ በኋላ ስኳር የሚባል ነገር ደም ውስጥ አላስገባሁም። ቀይ ሥር ቀቅዬ፣ ጨምቄ፣ በጥቂት ዱቄት አወፍረዋለሁ። ቀይ ሥር ብቻውን ሲፈላ ቀለሙ ይገረጣል፤ ጥቂት ሎሚ ከተንጠባጠበበት ግን አሲዱ ቀለሙን ይይዝለታል። ትኩስ ደምና የቆየ ደም አንድ ስላልሆኑ ለቆየው የቡና አተላ እጨምርበታለሁ። የተማርኩት ትምህርት ሥራ ላይ ዋለ ማለት ይቻላል።

አያ ይመር ከትምህርት ቤት የማይገኝ የራሱ ልማድ ነበረው። ካሜራ ከመክፈቱ በፊት ቢስሚላህ ይልና መዳፉን ዘርግቶ መሬት ላይ ያረፈውን ጥላ ያያል። የጣቶቹ ጥላ ተለያይቶ ከታየው ያነሣል፤ ካልታየው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አስፈሪ ፊልም በማታ አንሥቶ አያውቅም።

«ማታማ ድመትም ያስፈራል» ይላል። «ሙያ ማለት በቀትር፣ ልብስ በተሰጣበት ግቢ፣ ዶሮ እየጫረች ማስፈራት ነው።»

ሁለተኛው ልማዱ ቆሎ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ጎረቤት ይጠራና በየፊታቸው ቆሎ ያስቀምጣል። እሱ ግን ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ተመልካቹን ይሰማል። የቆሎው መሰበር ድንገት ጸጥ ካለ ፈርተዋል ማለት ነው። ቆሎው ከአፍ ከተረጨ ስቀዋል። እኩል እየተቆረጠመ ከቀጠለ ግን «ይህ ቦታ ይውጣ» ብሎ ያንን ቁራጭ ያስጥለኛል። «ሰው በአፉ ይዋሻል፣ በጥርሱ አይዋሽም» ይለኝ ነበር። ብዙ የደከምኩባቸው ደሞች በዚህ የቆሎ ፈተና ተጥለዋል።

ለክርስቲያኑም በዓል እንሠራ ነበር። ለፋሲካ የሠራነው አንዲት ባልቴት ዶሮዋን በወጉ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ ድስት ከጨመረች በኋላ አሥራ ሦስተኛ ብልት ሲወጣባት የሚያሳይ ነው። ያነሣነው እትዬ አረጋሽ ከሚባሉ ጎረቤታችን ቤት፣ በዐቢይ ጾም ነበር። የወጡ ሽታ መንደሩን ሁሉ አዳረሰው። አያ ይመርና እኔ የክርስቲያን እርድ አንበላም፤ እትዬ አረጋሽ ጾመኛ ናቸው። ሦስታችን ከድስቱ ዙሪያ ቆመን ጨው ያንሳል ወይስ ይበዛል ብለን ተከራከርን፤ የሚቀምስ ግን ጠፋ።

እትዬ አረጋሽ ማማሰያውን ይዘው «ከእንግዲህ ከዚህ የባሰ አስፈሪ ፊልም አትሠሩም» አሉን።

እሳቸው ይህን ባሉ በዓመቱ ነው ሉባባን የገደልናት።

ሉባባ አብራኝ ያደገች ጎረቤቴ ናት። እኔ የማልናገረውን ሁሉ እሷ ትናገረዋለች። የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ተመዝግባ ነበር፤ ወጪዋን ችሎ የሚያስተምራት ወንድሟ ሰይድ ነው። ሰይድ ዐረብ አገር፣ በረሃ ውስጥ ላለ የግንባታ ካምፕ ውሃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ካምፑ ኔትወርክ ስለሌለው ወደ ከተማ በገባ ቁጥር ነው የተላከለትን ከፍቶ በድምፅ የሚመልሰው። በቀጥታ ሲደወል ወይ እኛ ጋ ይቋረጣል ወይ እሱ ጋ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። በአረፋ ማለዳ የአንድ ቤት ልጅ ትሞታለች። በጉ ታርዷል፣ እንግዳ ተጠርቷል። አባትየው «እንግዳው ሥጋውን ይብላና ይነገራል» ብሎ ሬሳዋን ከእንግዶቹ መሐል ግድግዳ አስደግፎ ያስቀምጣል። አንዷ ጎረቤት የባሏን በደል ሁሉ ታጫውታታለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለልጃቸው ይጠይቋታል፤ «እንዲህ ያለች ዝምተኛ፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ ልጅ ዛሬ የት ትገኛለች?» ይላሉ።

ሉባባ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ጠቆመች። «ይህን ለጦይባ ስጧት። ለእሷ ትወናም አይደለም።»

የሬሳ ፊት ሲሠራ ጀማሪ ሰው ነጭ ዱቄት ይለቀልቃል። ነጭ ፊት የሞተ ሰው ሳይሆን ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ነው የሚመስለው። እኔ ዱቄቱን ከትንሽ እርድ አደባልቄ ቢጫ ቢጫ እንዲል አደረግኩት፤ ከዓይኗ ስር አመድ በጣቴ አሻሸሁ፤ ከንፈሯን ከፊቷ ጋር አንድ አደረግኩት። አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ ከተትኩ። ስጨርስ አያ ይመር መፋቂያውን አውጥቶ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ሥራው ጥሩ ነው።

ችግሩ ከፈኑ ነበር። የሉባባ እናት እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄን ከፈን አታለብሷትም! ትሙትላችሁ፣ ፈቅጃለሁ። ከፈን ግን ሟርት ነው።»

ተነጋግረን በአንሶላ ተስማማን። እትዬ ዘሀራ ራሳቸው ከሣጥን አውጥተው የሰጡን ዳር ዳሩ ሰማያዊ አበባ ያለው አዲስ አንሶላ ነበር። ሰይድ ለእህቱ የላከው አንሶላ መሆኑን ያኔ ማንም አላነሣውም።

አረፋ ሲቃረብ አያ ይመር ከመጀመሪያው ትዕይንት አንድ ምስል መረጠ። ሉባባ በጀርባዋ ተኝታ፣ ጥጥ በአፍንጫዋ፣ አንሶላው እስከ አገጯ። ከስሩ «ለአረፋ ጠብቁን» ብሎ ለቀቀው። ሰው ተቀባበለው። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው እጅ ላይ ምስሉ ከጽሑፉ ተለየ። ሰይድ ዘንድ የደረሰው ምስሉ ብቻውን ነው።

ሰይድ ለእናቱ በድምፅ ላከ፤ «እማ፣ ሉባባ የት ናት?»

እትዬ ዘሀራ እውነቱን ተናገሩ። «አርዲቦ አክስቷ ጋ ሄዳለች፣ ደህና ናት።»

እኛ አገር ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጆቹ ተሰብስበው በአንድ ማለዳ ያረዱታል። እስከዚያው ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ደህና ነው፣ እሷም ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች። ሉባባ ደግሞ በእርግጥ አርዲቦ ነበረች። ሰይድ ለጎረቤት ላከ፤ «ኧረ ደህና ናት፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉት። ለአጎቱ ላከ፤ አጎቱ ይባስ ብሎ «አንተ ብቻ ጤናህን ጠብቅ» አለው። ደህና ናት ባልነው ቁጥር ሉባባ አንድ ክንድ ወደ መሬት ትገባለች። በካምፑም ጓደኞቹ ምስሉን አይተው ኖሮ በዙሪያው መቀመጥና ምግብ መሥራት ጀምረውለታል።

ፊቱን የሠራሁት እኔ ነኝና ነገሩን ላስረዳው ተነሣሁ። መናገር ስለሚያስፈራኝ መጀመሪያ በወረቀት ጻፍኩት፤ ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ አነበብኩት። «ወንድም ሰይድ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ሉባባ ደህና ናት፤ ምስሉ ለፊልም የተነሣ ነው። ፊልሙ በአረፋ ሲወጣ ሁሉን ታየዋለህ። እስከዚያው አብሽር፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ።» ላክሁት። የጨዋ ልጅ መልእክት ሆኖ ታየኝ።

አያ ይመር ሲሰማው ግንባሩን ያዘ። «ለሐዘንተኛ የሚባለውን፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ አልሽው?»

«ፊልሙ እስኪወጣ እንዲታገሥ ብዬ ነው።»

«ጦይባ፣ እኔ በፎቶ ገደልኳት፤ አንች ቀበርሻት።»

በማግሥቱ የሰይድ ጓደኛ ለእትዬ ዘሀራ ላከ። ሰይድ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ጠይቋል። ማክሰኞ አሻራ ይሰጣል፤ አሻራውን ከሰጠ መኖሪያ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ወደ ሥራው መመለስ የለም። እትዬ ዘሀራ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሰይድ ከመጣ የሉባባ ትምህርት ሳይጀመር ያበቃል። ልጁ በሕይወት ላለች እህቱ ሊያለቅስ ብሎ የእህቱን ሕይወት ሊያስቀርባት ነው።

ሉባባን ከአርዲቦ አስመጣናት። «ወንድም ዓለም፣ አለሁ!» ብላ ድምፅ ላከች። ጓደኛው መለሰ፤ ሰይድ ድምፅዋን ሰምቶ አልቅሷል፤ «ከድሮ ፊልም ቆርጠው ነው» ብሏል። «የቆመን ሰው ሬሳ የምታስመስል ልጅ፣ ሬሳን የቆመ ማስመሰል ያቅታታል?» እኔን ማለቱ ነው። በሙያዬ እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም።

ቪዲዮ ላክን፤ ሉባባ ግቢው ውስጥ ስትዘል የሚያሳይ። «ጆሮዋ ስር ዱቄት ይታያል» አለ። እውነቱን ነው፤ እርድ ቶሎ አይለቅም። እትዬ ዘሀራ ሊያናግሩት ሞከሩ፤ «ሰይዶ ልጄ» ብለው ሳይጨርሱ ሳግ ያዛቸው። ያ ድምፅም እንዳለ ወደ ሰይድ ሄደ።

ሰኞ ከሰዓት እነሉባባ ግቢ ተሰበሰብን፤ እትዬ ዘሀራ፣ አያ ይመር፣ ሉባባ፣ እኔ። ከሐይቁ የመጣ ዓሣ ተጠብሶ ቀርቧል። ከሉባባ በቀር የበላ የለም። ስልኬ ጮኸ፤ ሰይድ ከከተማ ለእኔ የላከው ድምፅ ነው። ሁሉም እንዲሰማው ከፈትኩት።

«እህቴ ጦይባ። በፎቶው ጠርዝ ላይ እጅሽን አየሁት፤ የአውራ ጣትሽን ጠባሳ አውቀዋለሁ። እህቴን ያጠብሻት አንች ነሽ። አላህ ይውደድልሽ። አንሶላውንም አወቅሁት፤ እኔ የላክሁላት ነው። ከፈን አጥታችሁ ነው? ግድ የለም። ነገ አሻራ እሰጣለሁ። እስክመጣ እማን አደራ።»

ሉባባ የዓሣ አጥንት ከአፏ አወጣች። «በደንብ ብታጥቢኝ ኖሮ ጆሮዬ ስር ዱቄት ይቀር ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ የሆነውን እንዴት እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ። በወረቀት የጻፍኩት ነገር አልነበረም።

«ሰይድ! አንተ ደረቅ! አንተ የበረሃ ግመል! እህትህ አጠገቤ ተቀምጣ የእኔን ድርሻ ዓሣ ትበላለች፤ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ትቀብራታለህ? ታንኳ ላይ ቆመህ ለሴት ልትታይ ስትል ሐይቁ ውስጥ የተዘፈቅህ ለታ በጆሮህ የገባው ውሃ ዛሬም አልወጣም! እኔ ነኝ ሬሳ አጣቢ? እኔ የኬሚስትሪ ምሩቅ ነኝ! አንሶላህም ቢሆን ደህና አንሶላ መስሎሃል? አንዴ ሲታጠብ አበባው ለቋል! ማክሰኞ አሻራ ብትሰጥ ጣትህን እቆርጥልሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ ሥራህን ሥራ፣ ደደብ!»

ቁልፉን ለቀቅሁት። መልእክቱ ሄደ። እትዬ ዘሀራ «ሱብሃን አላህ» ብለው አፋቸውን ያዙ። አጥሩ ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። የአያ ይመር መፋቂያ መሬት ላይ ወድቋል።

«ይህችን ነው እኔ ከኮምፒዩተር ጀርባ አስቀምጬ የኖርኩት?» አለ።

ወደ ጓሮ ልገባ ስል ስልኬ ጮኸ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ልቅሶ፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ።

«ያ ጀመዐ! ተሰደብኩ! ስሙ፣ ተሰደብኩ! ይኸው ይህን ሁሉ ቀን ስለምናቸው አንድም ሰው ክፉ አልተናገረኝ። ሰው የሞተበትን ማን ይሰድባል? አልሃምዱሊላህ፤ እህቴ አለች!» ተናፍጦ ቀጠለ። «ጦይባ፣ እስኪ ድገሚኝ።»

መድገም አልቻልኩም፤ ድምፄ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ግን የሚተካኝ አላጣሁም። እትዬ ዘሀራ ስልኩን ነጠቁኝ፤ «አንተ ደንቆሮ፣ እናትህን መሬት አስቀመጥካት!» አሉት፤ የቀረውን አልጽፈውም። ሉባባ ቀጠለች። አጎቱ ተጠርቶ መጣና የሰይድን ስንፍና ከልጅነቱ ጀምሮ ዘረዘረ። አጥሩ ላይ የነበሩትም አንዳንድ አዋጡ። ከካምፑ አንዱ ጓደኛው «እኔም ከአገሬ ከወጣሁ የሰደበኝ የለም፤ ናፍቆኛል፣ አንድ ላኩልኝ» ብሎ ለመነ። እትዬ አረጋሽ ሰደቡለት።

ማክሰኞ ሰይድ አሻራ አልሰጠም። ፊልሙ በአረፋ ወጣ። የቆሎው ፈተና ላይ ሽማግሌው ሬሳዋን ለልጃቸው ሲጠይቁ ቆሎው ግድግዳ ድረስ ተረጨ፤ የሉባባ ፊት መጀመሪያ ሲታይ ግን ከእትዬ ዘሀራ አፍ ምንም አልተሰማም። አያ ይመር ያንን ጸጥታ አዳመጠና «ሁለተኛ እንዲህ አድርገሽ አትሥሪ» አለኝ። በእሱ አፍ ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም። ከዚያ ወዲህ የሠራኋቸው ሬሳዎች ሁሉ ግን ማስቲካ ያኝካሉ።

በቀጣዩ ዓመት የመምህርነት ምደባዬ መጣ። የደም ዕቃዬን ለአያ ይመር አስረከብኩ። ሰሌዳ ፊት መቆም እንደሚያስፈራኝ ስነግረው መዳፉን ዘርግቶ ጥላውን አየ።

«አብሽሪ፣ ትምህርት በቀን ነው» አለኝ። «በቀን ማስፈራት ታውቂያለሽ።»

የመጀመሪያው ሳምንት እላይ እንደጻፍኩት አለፈ። በሁለተኛው ቀይ ሥርና ሎሚ ይዤ ገብቼ አሲድን በደም አስተማርኩ። ያች ጠያቂ ልጅ አሁን ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ሉባባ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ነው፤ መርፌ ልትወጋው የቀረበችው ሰው ሁሉ «ያች ሬሳ አይደለችም እንዴ?» እንደሚላት ትነግረኛለች።

ሰይድ በየበዓሉ ስድቡን ይጠብቃል። ውል ሆኖብኛል። ዘንድሮ በአረፋ ዋዜማ ፈተና ሳርም ደክሞኝ ስለነበር በበዓሉ ዕለት ስልኬን ሳልከፍት ረፈደ። ስከፍተው የእሱ ድምፅ ቀድሞ ገባ።

«ጦይባ፣ እንኳን አደረሰሽ። እስካሁን አልሰደብሽኝም፤ ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ።